ዮሐን ሰባስትያን ባኽ፤ የዜማው ሀብት ከወዴት መጣለት?



በትምህርት ቤታችን ግጥም የሚገጥሙ፤ ሥዕል የሚሥሉ፤ ዜማ የሚያወጡ ልጆች አሉ። እነርሱ በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዳንዱ፤ ጥበብ ከሰማይ የምትወርድ ሀብት ስለ ሆነች መንፈሱ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ እንጂ መልፋት አይረባም ይላል። ሌላው ደግሞ፤ ከላይ የሚመጣ ነገር የለም፤ ሁሉም የእጅና የልምምድ ፍሬ ነው ብሎ ይመልሳል። እኔም በባዶ ቃል ከመሟገት ይልቅ የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት መርምሮ ማየት ይሻላል ብዬ ስላሰብሁ፤ በዓለም ከታወቁት የዜማ ደራሲዎች መካከል ከፍ ያለ ስፍራ ያለውን የጀርመናዊውን የዮሐን ሰባስትያን ባኽን ታሪክ እንደ ዐቅሜ ጽፌ አቀርብላችኋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ባኽ የተወለደው በ1685 ዓ.ም. በማርች ወር፤ በጀርመን አገር በቱሪንጊያ ክፍል በምትገኘው አይዘናኽ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከከተማዪቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ዋርትቡርግ የተባለ አሮጌ ግንብ ይታያል። ማርቲን ሉተር በ1521 ዓ.ም. ተሸሽጎ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ መተርጐም የጀመረው በዚያ ግንብ ውስጥ ነበር። ሉተር መጽሐፉን ከመተርጐሙ በቀር ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው እንዲዘምር ብሎ መዝሙሮችን ደረሰ። ባኽ በልጅነቱ የገባበት የላቲን ትምህርት ቤት ደግሞ ከሁለት መቶ ዓመት ያህል በፊት ሉተር ራሱ የተማረበት ነበር። ስለዚህ እነዚያ መዝሙሮች በልጁ ጆሮ የገቡት ገና ማንበብ ሳይጀምር ነው ማለት ይቻላል።

ቤተ ሰቡም ከአባት ወደ ልጅ ሲወራረድ በመጣ የዜማ ሙያ የታወቀ ነበር። ባኽ በ1735 ዓ.ም. የዘሩን ሐረግ ጽፎ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ ያደረገው ቬይት ባኽ የተባለውን እንጀራ ጋጋሪ ነው። ይህ ሰው እህሉን ሊያስፈጭ ወደ ወፍጮ በሄደ ጊዜ ክራር መሰል መሣሪያውን ይዞ እየሄደ፤ ድንጋዩ ሲፈጭ እርሱ ይደረድር ነበር። ባኽ የቤተ ሰቡን ዜማ ከወፍጮ ቤት ማስጀመሩን ባነበብሁ ጊዜ ብዙ አስገርሞኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ትውልዱን ከመኳንንት ሊያስቈጥር በሞከረ ነበር።

የልጁ ደስታ ግን አልቈየም። በ1694 ዓ.ም. እናቱ ሞተች፤ በ1695 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ አባቱ ሞተ። ባኽ ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከሁለቱም ወላጆቹ ተለየ። ኦርድሩፍ በምትባል ከተማ ኦርጋን መቺ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ኦርጋን ማለት፤ ነፋስ በብዙ ቧንቧዎች ውስጥ እየተላለፈ ድምፅ የሚሰጥ፤ መቺው በእጁም በእግሩም የሚጫወትበት ታላቅ መሣሪያ ነው።

በወንድሙ ቤት የታላላቅ መምህራን ድርሰት የተጻፈበት አንድ መጽሐፍ ነበር። ወንድሙ ግን ለልጁ አልፈቀደለትም፤ ፍርግርግ በር ባለው ቁም ሣጥን ቈልፎ አስቀመጠው። ልጁና ተማሪው ከሞተ በኋላ የጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደሚነግረን፤ ባኽ ሌሊት ሁሉም ሲተኙ ትንሽ እጁን በፍርግርጉ አሾልኮ መጽሐፉን ጠቅልሎ ያወጣ ነበር። መብራት ስላልነበረው በጨረቃ ብርሃን ይገለብጥ ጀመር። ስድስት ወር በሚያህል ጊዜ ጽፎ ጨረሰ። ነገር ግን ወንድሙ ደርሶበት ያን የድካሙን ፍሬ ቀማው። ወረቀቱ ቢወሰድም፤ ስድስት ወር ሙሉ በዐይኑና በእጁ ያለፈውን ዜማ ከውስጡ ሊያወጣበት የሚችል ሰው እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ዐሥራ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ፤ በ1700 ዓ.ም.፤ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ሊዩነቡርግ ወደምትባል ከተማ ሄደ። በዚያ ድምፃቸው መልካም የሆነ ድኾች ልጆች በቤተ ክርስቲያን እየዘመሩ በነጻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። በ1703 ዓ.ም. ደግሞ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በአርንሽታት ከተማ የኦርጋን መቺነት ሥራ አገኘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያደረገው ነገር የእኛን አገር የቆሎ ተማሪ ያስታውሰናል። በባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሊዩቤክ ዲትሪኽ ቡክስተሁደ የሚባል ሽማግሌ መምህር እንዳለ ሰማ። ከአለቆቹ የአራት ሳምንት ፈቃድ ተቀብሎ፤ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በእግሩ ተጓዘ። በዚያም የሽማግሌውን ዜማ ሲሰማ አራት ሳምንቱ ወደ አራት ወር ያህል ሆነ። በተመለሰ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሹማምንት ስለ መቅረቱ ወቀሱት፤ በመዝሙሩም ውስጥ ሕዝቡን የሚያደናግር እንግዳ ድምፅ ጨመርህ ብለው ከሰሱት። እኔ ግን ይህ እንግዳ ድምፅ ከሊዩቤክ ይዞት የመጣው ስንቅ ይመስለኛል።

በ1707 ዓ.ም. ወደ ሙልሃውዘን ተዛውሮ ማሪያ ባርባራ የተባለችውን ዘመዱን አገባ። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ሲሰናበት በጻፈው ደብዳቤ፤ የሕይወቱ ዓላማ ለእግዚአብሔር ክብር በሚገባ የተደራጀ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ማቋቋም እንደ ሆነ ገልጿል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪኩ ሁሉ ይህን ዓላማ ለመፈጸም ያደረገው ትግል ነው።

ቀጥሎ በቫይማር መስፍን ቤት ሲሠራ ቪቫልዲ የተባለውን የኢጣልያኑን ደራሲ ሥራዎች አገኘ። እንደ ልጅነቱ ጊዜ እንደገና ብዕሩን አንሥቶ የሌላውን ሰው ድርሰት ለኦርጋንና ለሌላ መሣሪያ እየለወጠ ጻፈ። ሥነ ሥርዓቱን፤ አጀማመሩንና አፈጻጸሙንም በዚህ ተማረ። በ1717 ዓ.ም. ወደ ሌላ ጌታ ለመሄድ ፈቃድ አጥብቆ ስለ ጠየቀ መስፍኑ ተቈጥቶ አራት ሳምንት ያህል አሰረው፤ ከእስራትም ሲወጣ አሰናበተው።

አዲሱ ጌታው የኮተኑ ልዑል ሌዎፖልድ ዜማ የሚወድና ራሱም የሚጫወት ወጣት ነበር። በዚህ ቤት ባኽ ደስ ብሎት ሳለ ታላቅ ሐዘን ደረሰበት። በ1720 ዓ.ም. ልዑሉን ተከትሎ ካርልስባድ ወደሚባለው ፍል ውሃ ሄዶ ነበር። ጤነኛ ትቷት የሄደው ሚስቱ፤ እርሱ ሲመለስ ሞታ ተቀብራ ቈየችው። አራት ልጆች ያለ እናት ቀሩ። በኋላ በ1721 ዓ.ም. አና ማግዳሌና የተባለችውን ዘማሪት አገባ። ከሁለቱ ሚስቶቹ ሃያ ልጆች ወለደ፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን ዐሥሩ ብቻ ናቸው። ዐሥር ጊዜ የልጁን ሬሳ የሸኘ አባት ስለ ሞትና ስለ ዕረፍት የደረሰውን ዜማ ስንሰማ፤ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ እንዳላገኘው ማወቅ አለብን።

በ1723 ዓ.ም. ባኽ በላይፕሲግ ከተማ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን አለቃ ሆኖ ተሾመ። ይህ ሹመት በእኛ ዘንድ መሪጌታ የምንለውን ይመስላል። የከተማው ሹማምንት አስቀድመው የፈለጉት ቴሌማንን፤ ቀጥሎም ግራውፕነርን ነበር። ሁለቱም ስላልመጡ ባኽን ወሰዱ። ስለዚህ ዛሬ ዓለም የሚያከብረው ሰው ወደዚያ ሥራ የገባው ሦስተኛ ሆኖ ነው።

ጓደኞቼ፤ ይህን ክፍል በተለይ እንድታስተውሉት እለምናችኋለሁ፤ ታላቁ ባኽ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ለ27 ዓመታት ኑሮው በተማሪ ቤት ነበርና። ከ50 የሚበልጡ አዳሪ ተማሪዎች ነበሩ። እነርሱም በከተማው አብያተ ክርስቲያናት ይዘምራሉ፤ በሠርግና በቀብርም ይጠራሉ። ባኽ የሚኖረው ከነቤተ ሰቡ በዚያው በትምህርት ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ስለ ነበር የልጆቹ ጫጫታ ከጆሮው አይርቅም። በየተራው ተረኛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ ያስተምራቸዋል፤ ይገሥጻቸዋል።

ይህ ሁሉ ሳለ ለየሰንበቱ አዲስ ድርሰት ማቅረብ ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ለሰንበታትና ለበዓላት በየሳምንቱ አዲስ ያቀርብ ነበር ማለት ይቻላል። ካንታታ የሚባለው ይህ ድርሰት በብዙ ድምፅና በብዙ መሣሪያ የሚዜም ሲሆን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሳምንቱ መጀመሪያ የዕለቱን ወንጌል ያነባል፤ ዜማውን ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አና ማግዳሌና፤ ወንዶች ልጆቹና ተማሪዎቹ እየተጋገዙ የእያንዳንዱን ዘማሪና የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ በእጅ ይገለብጣሉ። ከዚያም ልምምዱ ይደረጋል፤ እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ይሰማል። ሰኞ ደግሞ ሥራው እንደገና ይጀመራል። እንዲህ ሆኖ ከተሠሩት የመንፈሳዊ ካንታታዎች እስከ ዛሬ የተረፉት 200 ያህል ናቸው። መንፈስ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ ቢጠብቅ ኖሮ እሑድ ባዶ እጁን በደረሰ ነበር።

ታዲያ ሁሉ የልምምድ ፍሬ ነው የሚለው ወገን ረታ ማለት ነውን? ባኽ ራሱ እንደዚህ አላሰበም። ብዙዎቹን ድርሰቶቹን ሲጀምር በወረቀቱ ራስጌ ኢየሱስ እንዲረዳው የሚለምንባቸውን ሁለት የላቲን ፊደላት ይጽፋል፤ ሲፈጽም ደግሞ በግርጌው ክብሩ ለእግዚአብሔር ብቻ እንዲሆን የሚያመለክቱ ሦስት ፊደላት ያኖራል። ሥራውን በልመና ከፍቶ በምስጋና ይዘጋው ነበር። ከሞተ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሲቈጠር ከ80 ያላነሱ የመንፈሳዊ መጻሕፍት ጥራዞች ተገኝተዋል።

ከእነዚህም አንዱ በሦስት ትልልቅ ጥራዞች የታተመ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ ነው። ባኽ በላዩ ስሙንና 1733 ዓ.ም. የሚለውን ዘመን ጽፎበታል። መጽሐፉ ዛሬ በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኝ የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተጠብቆ ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘው በኅዳጉ ላይ የጻፋቸው አጫጭር ማስታወሻዎች ናቸው። በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 ላይ ዳዊት የነአሳፍን ልጆች ለመዝሙር ሲመድባቸው፤ ባኽ በአጠገቡ ይህ ምዕራፍ እግዚአብሔርን ደስ ለሚያሰኝ ዜማ ሁሉ መሠረት መሆኑን አመለከተ። በሁለተኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ መዘምራኑ በአንድ ድምፅ ሲያመሰግኑ ደመናው ቤተ መቅደሱን እንደ ሞላው ይነገራል። በዚህ ስፍራ ባኽ፤ ዜማ በእውነተኛ መንፈሳዊ ስሜት በሚቀርብበት ጊዜ ሁሉ እግዚአብሔር በጸጋው በዚያ እንደሚገኝ ጽፏል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ የታሪኩን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። በንባቡ እንደምናየው መዘምራኑ አስቀድመው ተመድበዋል፤ ተምረዋል፤ ቆመው ዘምረዋል፤ ደመናውም የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። እኔ የባኽ እምነት በዚህ ተጠቃሎ ይታየኛል። ደመናውን ሰው አያመጣውም፤ ነገር ግን ሰው በስፍራው ቆሞ ሊገኝ ይገባዋል።

በ1727 ዓ.ም. ለስቅለት ዕለት ያቀረበው፤ በማቴዎስ ወንጌል መሠረት የጌታን ሕማማት የሚተርከው ድርሰት ከሥራዎቹ ሁሉ ከፍ ብሎ ይታያል። ሁለት የመዘምራን ማኅበርና ሁለት የመሣሪያ ጓድ በየወገናቸው ቆመው እየተጠያየቁና እየተመላለሱ ያዜሙታል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይም ይፈጃል። በመካከሉ ሕዝቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው የቈዩ መዝሙሮች እየተመላለሱ ይገባሉ። ባኽ በ1736 ዓ.ም. ይህን ድርሰት በጥሩ አጻጻፍ እንደገና ሲገለብጥ የወንጌሉን ቃል በቀይ ቀለም ጻፈው። የእኛ አገር ጸሐፍት በብራና ላይ የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጽፉ ሁላችን እናውቃለን። በአገርም በቋንቋም የተራራቁ ሰዎች ለቅዱስ ቃል አንድ ዐይነት አክብሮት ማሳየታቸው ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ባኽ ሁልጊዜ ፊቱን ቋጥሮ የሚኖር ሰው አልነበረም። ለጭፈራ የሚሆን ዜማ ጽፏል። ቡና መጠጣት አልተውም ብላ ከአባቷ ጋር ስለምትከራከር ልጃገረድም የሚያስቅ ድርሰት አዘጋጅቷል። ስለ ቡና ነውና እኛን ኢትዮጵያውያንን ሳያስፈግገን አይቀርም። ደግሞም ለመሳፍንትና ለንግሥት የልደት በዓል የጻፈውን ዜማ አንሥቶ በ1734 ዓ.ም. ለጌታ ልደት መዝሙር አድርጎታል። አንዳንድ ሰው ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔ እንደሚመስለኝ ባኽ ጥሩ ሆኖ የተሠራ ዜማ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ስለ መሰለው፤ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል ግንብ አላቆመም።

ስለ ገዛ ችሎታው ሲጠይቁት ብዙ እንደ ደከመና ማንም ሰው እንደ እርሱ ቢደክም ወደዚያው ሊደርስ እንደሚችል ይናገር ነበር ይባላል። ትሕትናው መልካም ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ደክሞ ባኽ እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህ የድካሙን ድርሻ ለራሱ ቈጠረ፤ ከድካሙ በላይ የሆነውን ግን በድርሰቱ ግርጌ በሦስቱ ፊደላት ለሰጪው መለሰ።

በመጨረሻ ዘመኑ፤ በጨረቃ ብርሃን ሲገለብጡ የጀመሩት ዐይኖቹ ደከሙ። በ1750 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የዐይን ሐኪም ቴይለር ሁለት ጊዜ ቀዶ አከመው፤ ግን አልዳነም፤ ጤናውም ፈጽሞ ተበላሸ። በዚያው ዓመት በጁላይ 28 ቀን በ65 ዓመቱ ዐረፈ። አንዱ ድምፅ የጀመረውን አጭር ዜማ ሌላው እየተቀበለ የሚያሳድድበት ፉጋ የሚባል የአደራረስ ስልት አለ፤ የዚህን ስልት ጥበብ ሁሉ የሚያሳይበት ታላቅ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ። መቃብሩ ምልክት አልተደረገበትም። አና ማግዳሌናም በድኽነት ኖራ በ1760 ዓ.ም. ሞተች። ሕዝቡ የእርሱን ዜማ ያረጀ ነው ብሎ ተወው፤ ጥቂት ተማሪዎቹና የሙያው ሰዎች ብቻ ድርሰቱን እየገለበጡ ጠበቁት።

ነገር ግን የተቀበረው ዘር በቀለ። በ1829 ዓ.ም. ፌሊክስ ሜንደልስዞን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ያን የማቴዎስ ወንጌል ሕማማት በበርሊን ከተማ አሰማው። ሰሚው ሁሉ ተደነቀ፤ ከዚያ በኋላ የባኽ ስም አልተረሳም። ዛሬ ከ1,000 በላይ የሆኑት ሥራዎቹ በመዝገብ ተቈጥረው ይገኛሉ። አጥንቱም በ1950 ዓ.ም. ባገለገለበት በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዐረፈ። በ1977 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ ቮየጀር የተባሉ መንኰራኵሮች የምድርን ድምፅ በያዘው የወርቅ ቅብ ሸክላ ላይ ከባኽ ሥራዎች ሦስቱን ይዘው ሄደዋል። ለአንድ እሑድ ሲል በችኮላ ይጽፍ የነበረ የትምህርት ቤት መምህር ዜማው ከፀሐይ ቤተ ሰብ አልፎ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም።

የእኛም አባቶች ስለ ቅዱስ ያሬድ ሲተርኩ ከዚህ የራቀ ነገር አይነግሩንም። ሦስት አዕዋፍ ወደ ሰማያዊው ማኅሌት እንዳወጡት እንሰማለን፤ ነገር ግን ከዚያ አስቀድሞ ትምህርቱ እምቢ ብሎት ሸሽቶ ሳለ፤ እየወደቀ እየተነሣ ዛፍ የሚወጣ ትል አይቶ ወደ መምህሩ እንደ ተመለሰ ይነገራል። ከአዕዋፉ በፊት ትሉ አለ። በባኽም ሕይወት ከላይፕሲግ በፊት የጨረቃው ሌሊትና የ400 ኪሎ ሜትሩ መንገድ አሉ።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን ስንመለስ፤ እኔ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት የያዙ ይመስለኛል። ጥበብ ሀብት ናት፤ ሰጪም አላት። ይሁን እንጂ ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ የሚጠቅመው ላረሰ ገበሬ ነው። ግጥም የምትገጥሙ፤ ሥዕል የምትሥሉ፤ ዜማ የምታወጡ ጓደኞቼ፤ የቀደሙትን ሰዎች ሥራ ሳትሰለቹ ገልብጡ፤ መምህር ባለበት ሩቅ ቢሆንም ሂዱ፤ ለየሳምንቱ የተሰጣችሁን ሥራ በሰዓቱ አድርሱ፤ ሐዘናችሁንም በሥራችሁ ውስጥ አፍስሱ። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም፤ ፍርግርጉ ቁም ሣጥን በየቤታችሁ ካለ ቁልፉን ለልጆቹ እንድትሰጡ በትሕትና እለምናለሁ።